ሰማያዊ ዳርቻ ላይ የተቀመጡት እናት

ሽታ ደጅ አይጠናም፤ ዘው ብሎ ይገባል። ሐሙስ ጠዋት መርማሪዋ የዚያን ቤት ደፍ ገና ሳትረግጥ ሽታው ቀድሞ አፍንጫዋን ረገጠው። ጣቢያ ውስጥ ከጀርባዋ «እትዬ አፍንጫ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ሌላው ፖሊስ ዓይኑን ሲያምን እሷ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍንጫዋን አምና ነው የሠራችው። አፍንጫዋ ያን ቀን ግን «እባክሽ ወደ ቤታችን እንመለስ» እያለ ለመናት።

«ሳጅን፣ ብስኩትህን ኪስህ ክተት» አለች።

«ቁርሴ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እዚህ ቤት አፍ የሚከፈተው ለምርመራ ብቻ ነው።»

ሳጅኑ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ኪሱ ሲነካ ኮሽ ኮሽ የሚል ሰው ነው። ብስኩቱን ከተተ። ሁለት እርምጃ እንደገባ የበላውንም ሊመልሰው ምንም አልቀረው።

ሟቿ ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ አልጋቸው ላይ ነበሩ። የስልሳ ዘጠኝ ዓመት እናት ናቸው፤ እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ስድስት ዓመት አልፏል። ትራስ ተደግፈዋል። ዓይን ላይ የሚጠለቀው የኢንተርኔት መነጽር፣ ያ የጠላቂ ዋናተኛ መነጽር የሚመስለው፣ ፊታቸው ላይ እንዳለ ነው። ከሥሩ የሚታየው ከንፈራቸው ዝናብ እንደናፈቀው መሬት ተሰነጣጥቋል። ዳይፐራቸው ስንት ቀን እንዳልተቀየረ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ስለ ጀርባቸው ቁስል ባይወራ ይሻላል። ኮመዲኖው ላይ አንድ ብርጭቆ አለ፤ ደርቆ ታቹ ላይ ነጭ ቀለበት ሠርቷል። ግድግዳው ላይ የአየር ማቀዝቀዣው አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ ሆኖ ያጓራል። መኝታ ቤት ሳይሆን ሥጋ ቤት ነው የሚመስለው።

«ቢላ የለም፣ መርዝ የለም፣ ገመድ የለም» አለ የአስከሬን ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ውሃ ነው የገደላቸው።»

«አልጋ ላይ ሰጠሙ?» አለ ሳጅኑ።

«አጥተው ነዋ! ጥም ነው። ሕመምተኛ ናቸው፤ ሁለት ቀን ጠብታ ካላገኙ ይበቃቸዋል።»

«መቼ ሞቱ?» አለች መርማሪዋ።

«እሱን ማቀዝቀዣውን ጠይቂው። ክፍሉን በረዶ አድርጎ ሥራዬን አበላሽቶብኛል። እሑድም ቢሆን፣ ረቡዕም ቢሆን አልከራከርሽም።»

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት መሬት ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። የእናትየው ተንከባካቢ ናት፤ ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ናት። መርማሪዋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ማነው ይሄን ብርድ የከፈተባቸው?» አለች ልጅቷ፣ ሳትጠየቅ። «እማማ ብርድ አይወዱም እኮ! በሙቀቱ ወቅት እንኳ ‹መስኮቱን ግጠሚው› ነው የሚሉኝ።»

«አንቺ መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«ዓርብ ከሰዓት። ከዓርብ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት እረፍቴ ነው፤ ልጃቸውና ምራታቸው ናቸው የሚይዟቸው። እሑድ ማታ ልጃቸው ደውሎ ‹አክስቴ መጥታለች፣ እሷ ትይዝልናለች፣ እስከ ሐሙስ እንዳትመጪ› አለኝ። ዛሬ መጣሁ። እና...» ጣቷን ወደ ክፍሉ ቀሰረች።

አክስት የምትባል ሴት ግን በዚያ ቤት የትም አልነበረችም።

*

ባልና ሚስቱ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ባልየው የሟቿ አንድያ ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት የሞላው የሽያጭ አሠልጣኝ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ለቅሶውም የሚያብረቀርቅ። ሚስትየው ማስቲካ ታኝካለች። አማቷ ሞታ ማስቲካ! መርማሪዋ ዓይኗን ከዚያ መንጋጋ ላይ አነሳች።

«ሰኞ ጠዋት ለሥልጠና ወጣን፤ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው» አለ ልጅየው በመሐረቡ ሥር። «እናቴን ለዚያች ልጅ አደራ ብለን! እሑድ ማታ ደውዬ ‹በጠዋት ነይ› ብያታለሁ።»

«እሷ ‹አትምጪ› አለኝ ነው የምትለው።»

«ምን ትበል? ‹ጥያቸው ጠፋሁ› ትበል?»

«አክስትዎስ?»

«አክስት የለኝም። ለእናቴ ብቸኛ ልጇ ነኝ፣ እናቴም ለእናቷ ብቸኛ ነበረች።»

«እናትዎ ሰኞ በሕይወት ነበሩ?»

«ሰኞ ብቻ? እስከ ትናንት ረቡዕ ነበረች። ምስክር አለኝ።»

«ማን?»

«ሪዞርቱ» አለና ስልኩን ዘረጋላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሰማያዊ ዳርቻ» የሚባል ሪዞርት አለ፤ ያለው ግን ኢንተርኔት ውስጥ ብቻ ነው። መነጽሩን ታጠልቃለህ፣ ክፍል ትይዛለህ፣ አሸዋው ላይ ትንሸራሸራለህ፣ ከሌሎች እንግዶች ጋር ታወራለህ። ገላህ እቤትህ ነው፤ እዚያ የሚዞረው አምሳያህ ነው። እናትየው ከአልጋ መነሳት ካቃታቸው ወዲህ ቀን ቀኑን እዚያ ነው የሚውሉት። ልጅየው ያሳያት ሦስት ፎቶዎች ነበሩ፤ የሰኞ፣ የማክሰኞ፣ የረቡዕ። ሦስቱም ላይ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ሴት በዳርቻው ረጅም ወንበር ላይ ተንጋለው ባሕሩን ያያሉ።

«ይኸው እናቴ። ረቡዕ በአሥር ሰዓት። ከመንገድ ሆኜ እሷን እያየሁ ደስ ሲለኝ...» አለና መሐረቡን ወደ ዓይኑ መለሰ።

መርማሪዋ መሐረቡን አየችው። እንደታጠፈ ነው፤ ደረቅ ነው።

«መኝታ ቤታችሁን ልየው» አለች።

«ለምን?» አለች ሚስትየው። ማስቲካው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

«ሥራ ፈትቼ።»

መኝታ ቤቱ ከሟቿ ክፍል ይልቅ አስጠላት። የባልና ሚስቱ አልጋ ዙሪያ የምግብ ካርቶን ተቆልሏል፤ ውስጡ ያለው ትርፍራፊ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ቆጠረች፤ አሥራ አንድ። አንዱ ጠርሙስ ባዶ አልነበረም፤ ውስጡ ያለውም ጭማቂ አልነበረም። ሰው ከአልጋው ወርዶ ሽንት ቤት ለመሄድ ከሰነፈ ምን ይባላል? ሳጅኑ ጠርሙሱን አንስቶ ወደ ብርሃን ሲያነሳው «ተወው!» ብላ ጮኸችበት።

ኮመዲኖው ላይ ባትሪ የሚሞላበት የመነጽር ማስቀመጫ ሁለት ነበር። መነጽሩ ግን አንድ። ይህንን ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

*

ዓርብ ጠዋት አዛዡ መዝገቡን ገና ሳያነበው ዘግቶት ነበር።

«ሟች በተንከባካቢዋ እጅ ነበሩ። ተንከባካቢዋ ጥላቸው ሄደች። ቅዳሜ ረፋድ ዓቃቤ ሕግ ፊት ትቀርባለች። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ማቀዝቀዣው ቀረኝ። የጎደለው መነጽር ቀረኝ።»

«አንቺ ሁሌ አንድ ነገር ይሸትሻል።»

«ስለሚሸት ነዋ።»

ይባስ ብሎ ሳጅኑ ብስኩት እያኘከ መጥፎ ወሬ ይዞ ገባ። ተንከባካቢዋ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሌላ ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ነበር። ሐሙስ ስትጠየቅ «ቤቴ ነበርኩ» ብላ ነበር። ዋሽታለች ማለት ነው።

መርማሪዋ ተንከባካቢዋ ወደታሰረችበት ማረፊያ ክፍል ወረደች። ልጅቷ ወደ ግድግዳ ዞራ ሕፃን ታጠባለች፤ እህቷ ናት ያመጣችላት። ሕፃኗ ሰባት ወሯ ነው፤ አንዴ ትጠባለች፣ አንዴ ያለችበትን ቤት ሽታ ተጠይፋ ታለቅሳለች። መርማሪዋ በልቧ «እውነትሽን ነው፣ እመቤቴ» አለቻት።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ልጃቸው ‹ሌላ ቤት ስትሠሪ ባገኝሽ አባርርሻለሁ› ብሎኝ ነበር። ‹እስከ ሐሙስ አትምጪ› ሲለኝ ቀኑ ከንቱ ከሚያልፍ ብዬ... እውነቱ ይኸው ነው፣ እትዬ። እማማ እየተጠሙ እኔ የሰው አንሶላ እንደማልጨምቅ ግን በዚህች ልጅ እምላለሁ።»

«በልጅ አትማይ።»

«እሺ፤ በምን ልማል? ሌላ ምን አለኝ?»

ልጅቷ ነገ ከተከሰሰች ሕፃኗ ወይ እስር ቤት ታድጋለች፣ ወይ ያለ ጡት። የስልኩ ኩባንያ እሑድ ማታ ከልጅየው ወደ ተንከባካቢዋ የአንድ ደቂቃ ጥሪ እንደነበረ አረጋግጧል፤ በዚያ አንድ ደቂቃ «ነይ» ይባል «አትምጪ» ግን ማን ይናገራል? የሟቿ መነጽር ተቆልፏል፤ የሚከፍተው ባለሙያ ፈቃድ ላይ ነው። ለሪዞርቱ ባለቤቶች ደብዳቤ ቢጻፍ መልሱ ሲመጣ ሕፃኗ ትምህርት ቤት ትገባለች።

«ሳጅን» አለች ደረጃውን ስትወጣ። «እዚያ ሪዞርት የሚገባው እንዴት ነው?»

*

ጣቢያው መነጽር ስለሌለው ሳጅኑ ከእህቱ ልጅ ተውሶ አመጣ። መነጽሩ ውስጡ የሰው ላብ ጠጥቶ ተለጥፏል፤ ስፖንጁ ላይ የብጉር ቅባት አለ። መርማሪዋ አልኮል በጥጥ ይዛ ሦስት ጊዜ ወለወለችው፣ አራተኛ ጊዜ ደግማ ወለወለችው፣ ትንፋሿን ያዘችና አጠለቀችው።

ባሕር! ሰማይ! አሸዋው እንደ ስኳር ነው። ምንም የሚሸት ነገር የለም። እሱም ራሱ አስጠላት፤ ሰው ባለበት ቦታ ሁሉ የሆነ ሽታ አለ፣ እዚህ ግን ሺህ ሰው ይርመሰመሳል፣ ሺሁም ፎርጅድ ነው። ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ጥርሰ ነጭ፣ አንዱም ቦርጭ የለው። ወደ ታች ስታይ ራሷ ፀጉራም ደረት ያለው፣ በመዋኛ ቁምጣ ብቻ የቆመ ጎረምሳ ሆናለች።

«ሳጅን! ምንድነው ያደረግከኝ?»

«በነፃ የሚገኘው አምሳያ እሱ ብቻ ነው፣ እትዬ» አለ ድምፁ ከውጭ፣ ሳቁን እየዋጠ።

እንግዳ መቀበያው ላይ የቆመው አምሳያ ጡንቻው የተወጣጠረ፣ ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ የሆነ የሃያ አምስት ዓመት ጎበዝ ነው። ሲናገር ግን የሽማግሌ ሳል ቀደመው።

«እንኳን ወደ ሰማያዊ ዳርቻ በደህና መጡ፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ አይደለሁም፤ ፖሊስ ነኝ። ሴትም ነኝ።»

«እኔም ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ የኔ ልጅ። ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። እዚህ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ፤ ቀን ይገፋልኛል። ‹ጋሼ ሾፌር› በይኝ።»

ስለ እናትየው ስትጠይቀው ድምፁ ሞቀ። «እማማ እርምጃን ነው? ወዳጄ ናቸው! ስማቸው እዚህ እንደዚያ ነው። ይሄው ረቡዕ እንኳ እዚያ ዳርቻ ተቀምጠው ‹ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ› ብለው አላወራ አሉኝ። ድምፃቸው ሻክሮ ነበር፤ ምን ሆኑ?»

መርማሪዋ መሞታቸውን ነገረችው። ድምፁ ጠፋ፤ አምሳያው ፈገግ እንዳለ ቆመ። ቆይቶ ሲመለስ ሌላ ሰው የሆነ ነው የሚመስለው።

«እማማ እርምጃ ለምን ተባሉ?» አለችው።

«ስለሚራመዱ ነዋ! ስድስት ዓመት አልጋ ላይ የዋለ ሰው እግር ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ይሄ ሆቴል አሥራ አራት ፎቅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በደረጃ ወጥተው በደረጃ ይወርዳሉ። ሊፍቱን ‹የሰነፍ ሳጥን› ነው የሚሉት። አንድ ቀን ‹እስቲ አረፍ ይበሉ› ብላቸው ‹መቀመጥማ ቤቴ ሞልቷል!› ብለው ሳቁብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጠው አይቻቸው...»

ቆም አለ።

«አይተዋቸው አያውቁም» አለች መርማሪዋ።

«አላውቅም» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። «እስከዚህ ሰኞ።»

የጤነኛ ሰው ዕረፍት መንጋለል ነው። ለእናትየው ግን ዕረፍት ማለት መቆም ነበር። የእሳቸውን አምሳያ ለብሶ ወንበር ላይ የተንጋለለው ሰው የገዛ እግሩ የሚሠራለት ነው፤ እሳቸውን ደግሞ ጨርሶ አያውቃቸውም።

«እንግዳ ወዴት ወዴት እንደሄደ የሚያሳይ መዝገብ አላችሁ?»

«ደንቡ አይፈቅድም» አለ ጋሼ ሾፌር። ከዚያ «ደንቡ ገደል ይግባ» አለና ከፈተው።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ እማማ እርምጃ የሄዱት በሊፍት ነው፤ ደረጃ አንዴም አልረገጡም። መርማሪዋ ወደ ላይ፣ ወደ እሑድ እንዲመለስ ጠየቀችው። እሑድ መዝገቡ ረጅም ነበር። ደረጃ። ደረጃ። አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ክፍል ሰባት፣ በር ማንኳኳት። ደረጃ። ክፍል ሰባት፣ በር ማንኳኳት። ይህንን አርባ አንድ ጊዜ።

«እሑድ ደረጃው ላይ አግኝቻቸው ነበር» አለ ሽማግሌው። «‹ወዴት ነው?› ስላቸው ‹ልጆቼ ለዕረፍት መጥተዋል፣ ልጠይቃቸው ነው› አሉኝ። ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩም። ምን ቸገራቸው ቢነግሩኝ? እኔ ስልክ አልደውል? ሰው አልጠራ?»

መርማሪዋ ገባት። የቤታቸውን ገመና ለባዕድ አይገልጡም። የገዛ ልጄ ውሃ ነሳኝ ብለው ለአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ከሚናገሩ፣ አሥራ አራት ፎቅ አርባ አንዴ ይወጣሉ።

«ክፍል ሰባትን የያዘው ማነው?»

«‹ንጉሡና ንግሥቲቱ› በሚል ስም ነው የተያዘው። ከዓርብ እስከ እሑድ። ‹አትረብሹን› የሚለውን አብርተዋል። በሩ ላይ የተተዉ ማስታወሻዎችም አሉ፤ አንዱንም አልከፈቱትም። ከዚያ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ... ቅሬታ አቅርበዋል።»

«አንብቡልኝ።»

«‹አንዲት እንግዳ በራችንን እየደበደበች ዕረፍት ነስታናለች። ከፎቃችን አግዱልን።› ሪዞርቱም በሁለት ደቂቃ ውስጥ አግዷል።»

«ማነው ያገደው?»

መርማሪዋ ጥያቄውን መልሳ ልትጠይቅ ስትል የሽማግሌው ድምፅ ተሰነጠቀ።

«ተረኛው እኔ ነበርኩ» አለ። «በቀን ሃያ ቅሬታ ነው የሚመጣው። ማን እንደሆነች እንኳ ሳላይ ነው ቁልፉን የተጫንኩት። እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው።»

ሽማግሌው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጎበዙ አምሳያ ግን ጥርሱን ገልፍጦ ፈገግ እንዳለ ነበር፤ ማልቀስ አልተፈጠረለትም። መርማሪዋ ያንን ጥርስ ማየት አልቻለችም። መነጽሩን ከፊቷ ላይ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

*

መዝገቡ አንድ ነገር አልነገራትም፤ እናትየው ከሞቱ በኋላ አምሳያቸውን የለበሰው ማን እንደሆነ። ልጅየው «አንዱ አካውንቷን ሰርቆ ነው» ቢል ነገሩ ሊጠፋ ነው። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ሳጅኑን ይዛ የሁለት ሰዓቱን መንገድ ነዳች።

ባልና ሚስቱ ለሥልጠናው አርፈውበት የነበረው ሆቴል እውነተኛ ሆቴል ነው፤ ግድግዳው እርጥበት፣ ምንጣፉ ሲጋራ የሚሸት። መርማሪዋ ሲሸታት እፎይ ልትል ምንም አልቀራት። የክፍል ጽዳት ሠራተኛዋን አንሶላ ተሸክማ አገኘቻት፤ ትዝታዋን ለማውጣት ጉትጎታ አላስፈለገም።

«ያ ሰውዬ? ወይኔ አያንሱብኝ!» አለች አንሶላውን አስቀምጣ። «ማክሰኞ ጠዋት ሚስትየው ገበያ ወጣች። ሁለቴ አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ከፍቼ ስገባ ሰውዬው አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ ዓይኑ ላይ የመኪና መብራት የሚያህል መነጽር ለብሶ፣ ድምፁን ቅጥን አድርጎ ምን ይላል? ‹ልጆቼ፣ ደህና ናችሁ? ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ።› የእናት ድምፅ! እኔ ሰይጣን የያዘው መስሎኝ በሩን ዘግቼ ሮጥኩ!»

«ለማንም ተናግረሻል?»

«ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ። ሲበሉ እንኳ ‹ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ› እያሉ ነው የሚስቁት።»

ሳጅኑ ኪሱ ውስጥ ያለውን ብስኩት ነካና ተወው። «እትዬ» አለ መኪና ውስጥ። «እናቱ በረዶ ቤት ተቀምጣ፣ እሱ የእሷን ድምፅ እያስመሰለ...»

«አትጨርሰው» አለችው።

*

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ባልና ሚስቱ ፊቷ ተቀመጡ። ዓቃቤ ሕጉ በአራት ሰዓት ይመጣል። መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት በጀርባው አስቀመጠች።

«ቅዳሜና እሑድ ምን ስትሠሩ ነበር?»

«እናቴን ስንንከባከብ» አለ ልጅየው።

«እናትህ እስከ ረቡዕ በሕይወት ነበሩ?»

«ፎቶውን አሳየሁዎት እኮ።»

«አሳየኸኝ። ሦስት ፎቶ፤ ሦስቱም ላይ ተቀምጠዋል። እዚያ ሪዞርት እናትህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ተቀምጠው እንደማይታዩ ያውቃል። አንተ ልጃቸው ብቻ ነህ የማታውቀው።»

ልጅየው አፉን ከፈተ። ሳጅኑ ቀደመውና ድምፁን አቅጥኖ «ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ» አለ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ሚስትየው ማስቲካዋን ዋጠች።

መርማሪዋ ወረቀቱን ገለበጠችው። «‹ንጉሡና ንግሥቲቱ›፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ክፍል ሰባት። ከሪዞርቱ የተላከልኝ፣ በራችሁ ላይ የተተወላችሁ ማስታወሻ ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ ‹ልጄ፣ ሲመቻችሁ ትንሽ ውሃ።› ሦስተኛው፦ ‹ዕረፍታችሁን ስላቋረጥኩ ይቅርታ።› ሌላውንም ላንብብልህ?»

«ነግሬህ ነበር!» አለች ሚስትየው ድንገት፣ ወደ ባሏ ዞራ። «‹እስኪ አንዴ ተነስተን እንያት› አላልኩህም? ‹ተያት፣ ደክሟት ትተወዋለች› አልከኝ!»

«ዝም በይ!»

«አልልም! እሑድ ማታ ስንነሳ ቀዝቅዛ ነበር። ማቀዝቀዣውንም የከፈተው፣ ለልጅቷም የደወለው እሱ ነው!»

«አንቺስ እግር የለሽም?» አለቻት መርማሪዋ። ሚስትየው አቀረቀረች።

ልጅየው መሐረቡን አላወጣም። አሁን ዓይኑ እውነትም ቀልቷል፤ ያቀላው ግን ንዴት ነው።

«ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሳሠለጥን እውላለሁ» አለ። «ሁለት ቀን ማረፍ ወንጀል ነው? ሁልጊዜ ትጣራለች። ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ ሬዲዮ! ቤት ሰላም ስናጣ ነው እዚያ የሄድነው፤ እዚያም ተከትላን መጣች። እንደ ወትሮዋ መስሎኝ ነው።»

«አሥራ አራት ፎቅ ነው የወጡት።»

«የውሸት እግር ነው እኮ!»

ሳጅኑ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። መርማሪዋ በእጇ መለሰችው። በሥራ ዘመኗ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፣ ሌባ አይታለች፣ ሰው በመጥረቢያ የቆራረጠም ፊቷ ተቀምጦ ሻይ ጠጥቷል። እንደዚህ ሰው ግን አጠገቡ ያለውን አየር ለመሳብ ያስጠየፋት አልነበረም።

«ጥሙ ግን የውሸት አልነበረም» አለች። «በመካከላችሁ የነበረው አንድ ግድግዳ ነው። ስምንት እርምጃ። ለክቼዋለሁ።»

ከዚያ መስኮቱን ከፍታ ጀርባዋን ሰጠችው። ሳጅኑ ሁለቱንም ይዟቸው ወጣ።

*

ዓቃቤ ሕጉ ሲመጣ የተከሳሾቹ ስም ተቀይሮ ጠበቀው። አዛዡ «ጎሽ» አላለም፤ «መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር» አለ እንጂ። አለቃ ሲባል እንደዚያ ነው።

ተንከባካቢዋ በአምስት ሰዓት ተፈታች። መርማሪዋ ጣቢያው ደጃፍ ካለው ደረጃ ላይ አገኘቻት፤ ሕፃኗን አቅፋ ለመሄድም ለመቀመጥም ያልወሰነች ትመስላለች።

«ሳጅኑ ነገረኝ» አለች ልጅቷ። «እሑድ ማታ ሲደውልልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እትዬ። ሦስት ቀን ሌላ ሥራ አገኘሁ ብዬ ዘልያለሁ።»

«አንቺ ስልኩን ስታነሺ እሳቸው አርፈው ነበር። በአንቺ አይደለም።»

«ብዙ ተሰቃዩ?»

«አንድ ጊዜ አንኳኩ» አለች መርማሪዋ። «ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው።»

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻት።

«እማማ? አንድ ጊዜ?» አለች። «እማማ እኮ እልኸኛ ናቸው። አንድ ነገር ከፈለጉ እስኪያገኙ አያቆሙም። አይዋሹኝ።»

መርማሪዋ ኪሷ ውስጥ ያለውን የታጠፈ ወረቀት ሳታስበው ነካችው። ልጅቷ አየች።

«እሱ ነው?»

«ለአንቺ አይሆንም። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ቤትሽ ይዘሽ አትሂጂ።»

«እሱ ቆሻሻ አይደለም። የእሳቸው ቃል ነው። ልጃቸው አንዱንም አልከፈተውም አሉኝ እኮ። ታዲያ እነዚያን ሁሉ ፎቆች ወጥተው የጻፉትን አንድ ሰው እንኳ አይስማቸው? እኔ ማንበብ ብዙም አልችልም፤ እርስዎ ያንብቡልኝ።»

መንገዱ ላይ መኪና ያልፋል። ሕፃኗ ጡቷን አግኝታ ዝም ብላለች። መርማሪዋ ደረጃው ላይ፣ ከልጅቷ ጎን፣ አቧራውን ሳትጠርግ ተቀመጠች። ወረቀቱን ዘረጋችው። ከአንደኛው ጀመረች፤ ሃያ ሁለተኛው ላይ ስትቆም ልጅቷ ጠበቀቻት።

«ሰኞ ልጅቷ ትመጣለች» አለች መርማሪዋ። «እንዲህ ነው የሚለው። ‹ሰኞ ልጅቷ ትመጣለች፤ እስከዚያ አንድ ጉንጭ ብቻ።›»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች።

«ይቀጥሉ» አለች። «ገና አላለቀም።»